ስልሳ ሰው የሚያጠግበው ማጨሻ

ጋሽ ግራም ዕድሜውን የጨረሰው የሰው ሚዛን ሲፈትሽ ነው። ሱቅ ይገባል፤ ቦርሳውን ይከፍታል፤ የራሱን የነሐስ መመዘኛዎች አንድ በአንድ የባለሱቁ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ባለሱቁን ያየዋል። ሰው ሱቁ ከመታሸጉ ይልቅ የሚፈራው ያን አተያይ ነበር። ጥቂት ግራም ጎደለች ብሎ ሱቅ ሲያሽግ ስለኖረ ገበያው ሁሉ «ጋሽ ግራም መጣ!» እየተባባለ ይጠነቀቅ ነበር። እሱም የማዕረግ ስም መስሎት ኮራበት፤ ይዞት ጡረታ ወጣ።

ጡረታ ሲወጣ የሚፈትሸው ሚዛን ጠፋ እንጂ የሚንቀው ሰው አልጠፋም። ጎረቤቱን የጥርስ ሐኪም ይንቀዋል፤ ሰውዬው ጓሮው ውስጥ አንዲት ትንሽ የሥጋ ማጨሻ አለችው፣ እሁድ እሁድ ሽታዋ ሰፈሩን ያውደዋል፣ የሚጋበዝባት ግን ሦስት ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙን፣ የአውቶቡስ ሾፌሩን፣ ይንቀዋል፤ በሁለት ክፍል ቤት አራት ልጅ አጭቆ ጭራሽ ይስቃል። ቧንቧ ሠሪውን፣ ፖስተኛውን፣ በቴሌቪዥን የአየር ትንበያ የምታነበውን ሴትዮ ሳይቀር ይንቃል። ሚስቱን ብቻ አይዳፈራትም። አዋላጅ ናት፤ በጩኸት የምትደነግጥ ሴት አይደለችም።

ከልቡ የሚያከብረው አንድ ሰው ታላቅ እህቱን ነበር። እናታቸው ስትሞት ገና ልጅ እግር ሳለች የፋብሪካ ምግብ ቤት አብሳይ ሆና ሁለቱን ወንድሞቿን አሳደገቻቸው። ሳታገባ ቀረች፤ ለምን እንደቀረች የጠየቃት ሰው የለም። አሁን ዕድሜዋ ገፋ። ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ወድቃ የሚያነሳት አጥታ ስላደረች ቤቷን ልትለቅና ከሁለቱ ወንድሞቿ አንዱ ጋ ልትገባ ቆርጣለች። ከማን ጋር እንደሆነ ግን አልተናገረችም። «በሚመጣው ወር አንድ እሁድ ሁላችንም እንገናኝ፤ ያኔ እነግራችኋለሁ» ብላለች።

ለጋሽ ግራም ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነበር። እሱ ጓሮ ያለው ሰፊ ቤት አለው፤ ልጆቹ አግብተው ወጥተዋል። ወንድሙ ቤት ሰው ወደ ማጀት ሲያልፍ ሌላው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ታዲያ ምን ይመረጣል? ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሆዱን ይቆረቁረው ነበር፤ እህቱ ሾፌሩ ቤት ሳትጠራ ትሄዳለች፣ እሱ ቤት የምትመጣው ስትጠራ ነው። ይህን ሲያስብ ይከፋውና መልሶ ራሱን ያጽናናል፤ «እኔን ታከብረኛለች፤ እሱን ታዝንለታለች።»

እናም ወሰነ። ያ እሁድ በእሱ ጓሮ ይውላል፤ ዘመድ አዝማድ ይጠራል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስታበስል የኖረችው እህቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ለዚህም ማጨሻ ይገዛል፤ እንደ ጥርስ ሐኪሙ ያለች መጫወቻ ሳትሆን ትልቅ፣ አገር የሚያበላ ማጨሻ።

ማሽኑን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ከእንጨት ብናኝ ተጨምቀው የተሠሩ፣ ከባቄላ ያነሱ እንክብሎች ጎኑ ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ይጨመራሉ። በኤሌክትሪክ የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት እነዚያን እንክብሎች ጥቂት በጥቂት ወደ እሳቱ ይገፋቸዋል። ክዳኑ ይዘጋል፤ ሥጋው በጭስና በዝግታ ይበስላል። ባለቤቱ ምንም አይሠራም። ጋሽ ግራም ታዲያ ምንም ላለመሥራት ሳምንታት ሙሉ ተዘጋጀ።

ሱቁ የገባው ሜትርና የድሮ ሚዛኑን ይዞ ነው። ክራባት ያሰረ፣ ቦርጫም ሻጭ ፈገግ ብሎ ተቀበለው። ምስኪን፤ የመጣበትን አላወቀም።

«ይኼኛው ስንት ሰው ያጠግባል?» አለ ጋሽ ግራም የመጀመሪያውን ማሽን በጣቱ እያንኳኳ።

«ሃያ ሰው፣ ጌታዬ።»

«የማን ሃያ ሰው?»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«እናንተ ወረቀት ላይ ያለው ሰው አንድ ቁራጭ ጎርሶ ጠገብኩ የሚል ነው። እኔ የምጠራው ዘመዶቼን ነው።»

ሻጩ ሳቀ። ጋሽ ግራም ግን ሜትሩን መዘዘና የሥጋ መደርደሪያውን ፍርግርግ ለካ። አንድ ጊዜ ለካ፣ ደገመ፤ ፊቱ በራ። «የላይኛዋን መደርደሪያ ቆጥራችኋታል! እዚህ ላይ እንኳን ሥጋ መሐረብም አይሰጣ!» አለና ወደሚቀጥለው አለፈ። የሚቀጥለውን ክዳን ቢያንኳኳው ቀጭን ድምፅ ሰጠ። «ቆርቆሮ!» ሦስተኛው በስልክ የሚታዘዝ ነበር፤ ሻጩ አልጋ ላይ ተኝተው ሙቀቱን መጨመር ይችላሉ ሲለው ጋሽ ግራም ከንፈሩን መጠጠ። «አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያበስል በሽተኛ ነው። በሽተኛ ደግሞ ሰው አይጋብዝም።» ከዚያ የእንክብል ከረጢት አንስቶ በራሱ ሚዛን መዘነው። ጎደለ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የሱቁ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ የጎደለውን ተናገረ፤ ሌላ ነገር ሊገዙ የመጡ ሁለት ደንበኞች ያንኑ ሰምተው ወጡ።

ሻጩ ፈገግታው አልቆበት ነበር። ሰውዬውን እንዲያው ከበር ለማራቅ ብሎ ወደ መጋዘኑ ጥግ ወሰደውና ማንም የማይገዛውን አሳየው። ጥቁር፣ ረጅም፣ ወፍራም ብረት፤ ሁለት የእንክብል ሳጥን፣ ሦስት ደርብ ፍርግርግ። «ስልሳ ሰው» አለ ሻጩ በድካም። «የማንም ዘመድ ይሁን።»

ጋሽ ግራም ለካ። አንኳኳ። ተንበርክኮ ሥሩን አየ። ከተጻፈው ሁሉ አንድም የጎደለ ነገር አጣ፤ እንዲያውም ትንሽ ተርፎ ተገኘ። ጥፋት በማጣቱ ቅር ብሎት ቆመ። ሻጩም በዚያች ቅሬታ መሐል የመጨረሻ ምክሩን ጣል አደረገ።

«አንድ ነገር ብቻ፣ ጌታዬ። ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አይክፈቱ። በከፈቱት ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፤ ሥጋው ይዘገያል።»

ጋሽ ግራም ደነገጠ። እነሱ ቤተሰብ ዘንድ እኮ ክዳን የሚባል ነገር ተዘግቶ አያውቅም! ከውጭ የገባ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ ምድጃው ጋ ይደርሳል፤ ክዳን ያነሳል፣ ያሸታል፣ በማንኪያ ጫፍ ይቀምሳል፣ አስተያየት ይሰጣል። ይህን ያስለመደቻቸው እህታቸው ናት። ከፋብሪካው ደክማ ስትገባ ወንድሞቿ ያበሰሉትን ነገር ገልጣ ታይላቸው ነበር፤ እነሱም የሷን ይገልጡ ነበር። ቁጭ ብሎ እስኪቀርብለት የሚጠብቅ እንግዳ ነው፤ የቤት ሰው ክዳን ያነሳል። ጋሽ ግራም ይህን የድህነት ጊዜ አመል ይለዋል። አሁን ደግሞ ስልሳ ሰው አንድ አንድ ጊዜ ክዳን ሲያነሳ ታየው።

«መቆለፊያ አለው?»

«አለው። ለልጆችና ለውሻ ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ለዘመድስ?»

«ለዘመድ እንኳ» አለ ሻጩ፣ «ተሞክሮ አያውቅም።»

«ጠቅልልልኝ» አለ ጋሽ ግራም፤ እንደ ከረሜላ።

አራት ሰው ተሸክሞት በጓሮ በር ሲገባ ሚስቱ በመስኮት አየችና «ማን ሞቶ ነው?» አለች። ከዚያ ወጥታ ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ጓጉንቸሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይኼ ምንድነው?»

«ሙቀት እንዳይወጣ ነው።»

«ቁልፍ ሙቀት አይዝም፤ ሰው ነው የሚይዝ።»

«ዘመዶቼን አታውቂያቸውም?»

«እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሳዋልድ ሴት ስታምጥ እንኳ በር ቆልፌ አላውቅም። አንተ ሥጋ ላይ ትቆልፋለህ?»

«ሕፃን በጭስ አይበስልም!»

«እትዬ መጥታ ልግለጥ ብትልስ?»

«እትዬ ያን ቀን እጇ ምንም አይነካም። ትቀመጣለች፤ ይቀርብላታል። በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ሰው ይሥራላት እንጂ!» ይህን ሲል ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። እውነቱን ነበር፤ ሞኝ መሆኑ ውሸታም አያደርገውም። ሚስቱ ጓጉንቸሩን በጣቷ ነካ አድርጋ ወደ ማጀት ገባች።

ለእህቱ ያዘጋጀው ክፍል ወደ ጓሮው የሚያይ ነበር። አዲስ አልጋ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ አልጋው አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ የነሐስ ደወል። ውሃ ሲጠማት ትደውላለች፤ መስኮት መዝጋት ስትፈልግ ትደውላለች። ጋሽ ግራም ደወሉን ራሱ እየደወለ ከማጀት ይሰማ እንደሆነ ፈትሾታል።

እሁድ ሊነጋጋ ሲል ተነሣ። ፍርምባውን፣ ወርቹን፣ ጎድኑን በሦስቱ ደርብ አስተካክሎ ደረደረ፤ የሙቀት መለኪያውን ሽቦ ከትልቁ ሥጋ ላይ ሰካ፤ ክዳኑን ዘግቶ ቆለፈና ቁልፉን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተ። ማሽኑ በዝግታ አጉረመረመ፤ ቀጭን ጭስ ወጣ። ጋሽ ግራም ወንበር አምጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እንደ ዘበኛ ሳይሆን ዘበኛ ሆኖ ነው የተቀመጠው።

ዘመዶቹ መምጣት ጀመሩ። ፀጉር አስተካካዩ የአጎቱ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ገባና በቀጥታ ክዳኑን ያዘ፤ ሳበ፣ ገፋ። «ተጣብቋል መሰለኝ፣ ዘይት ቀባው» አለ። ጋሽ ግራም በአገጩ ጓጉንቸሩን አሳየው። የአጎቱ ልጅ እንደ ቀልድ ሳቀ፤ ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ የአክስት ልጆች መጡ፣ ያዙ፣ ሳቡ። አማቾች መጡ፣ ያዙ፣ ሳቡ። ለእያንዳንዱ ያንኑ የሙቀት ትምህርት ሰጠ። መጀመሪያ ላይ ቀለዱበት፤ «ባንክ አስመስለኸዋል»፣ «ሥጋው ያመልጣል ብለህ ነው?» ተባለ። ከዚያ ቀልዱ አለቀና ሰው ሁሉ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። በዝቅታ ማውራት ጀመሩ። ውሃ ሲሰጣቸው «አትቸገር» አሉ። ጋሽ ግራም ይህን ሲያይ ዘመዶቹ በስተርጅና ሥርዓት ያዙ ብሎ ደስ አለው።

ቁጥሩ ግን ቆመ። ማሽኑ ላይ ያለው የሙቀት ቁጥር እስከ እኩለ ቀን ሲወጣ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ። ትልቅ ሥጋ በዝግታ ሲበስል መሐል ላይ ያልበዋል፤ ላቡ ያቀዘቅዘዋል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ለረጅም ሰዓት ንቅንቅ አይልም። ማጨሻ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የጥርስ ሐኪሙ እንኳ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ ያለ ነው! አውጥተው በወረቀት ቢጠቀልሉት ይፈጥናል» አለው። ጋሽ ግራም ጀርባውን ሰጠው። ከጥርስ ነቃይ ደግሞ ምክር!

እህቱ በሾፌሩ አሮጌ መኪና መጣች፤ አራቱ ልጆች ከኋላ ተደራርበዋል። ወንድሙ ጓጉንቸሩን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ወንድሜ፣ ይኼን ለማሸግ ነው ለማብሰል የገዛኸው?» ጋሽ ግራም እህቱን በክንዷ ደግፎ ትራስ ወዳደረገበት ወንበር መራት። እሷ ግን ወንበሩን አለፈችው። ከቦርሳዋ የታጠፈ ሽርጥ አወጣች፤ ወገቧ ላይ አሰረችና ማሽኑ ጋ ሄዳ ክዳኑን ያዘች።

ሳበችው። እምቢ አላት። ምርኩዟን ከሾፌሩ ሴት ልጆች ለአንዷ ሰጥታ በሁለት እጇ ሳበችው። እምቢ አላት።

«አዬ፣ ጉልበቴ አለቀ» አለች፤ እያፈረች ሳቀች። «ክዳን ማንሳት ያቅተኝ ጀመር።»



«አይ እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም» አለ ጋሽ ግራም። «ተቆልፎ ነው።»

«ተቆልፎ?»

«ሙቀት እንዳይወጣ ነው።»

እህቱ ጓጉንቸሩን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው። ሚስቱ ደግሞ የሸሚዙን ኪስ ነበር የምታየው። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፤ ቁልፉን በጨርቁ ላይ ዳሰሰው። አንድ ጊዜ መክፈት ነው፤ ምን ይመጣል? ግን ስልሳ ሰው ያን ሁሉ ትምህርት ሰምቷል፤ ወንድሙ እያየው ነው፤ የጥርስ ሐኪሙ አጥሩ ላይ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት።

«ትንሽ ነው የቀረው» አለ። «አንቺ ተቀመጪ፣ እትዬ። ይቀርብልሻል።»

«እሺ» አለች እህቱ። ሽርጧን ፈታች፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሄዳ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች፤ የት እንደምታደርጋቸው የጠፋት ትመስል ነበር።

ቁጥሩ እንዳለ ነው። ጋሽ ግራም ሰዓቱን ለመሙላት ብሎ ክፍሏን ሊያሳያት ወሰዳት። አልጋውን ዳበሰች፤ «ለስላሳ ነው» አለች። ደወሉን አንስታ አንድ ጊዜ አቃጨለችና አዳመጠች።

«ምን ላድርግበት ነው?»

«የፈለግሽውን ለማዘዝ ነዋ። እዚህ ቤት ብርጭቆ እንኳ አታነሺም!»

ደወሉን ቀስ ብላ መለሰችው።

ጓሮ ሲመለሱ የሾፌሩ ትንሽ ልጅ ፀጉሯ ተፈቶባት መጥታ እህቱ ጉልበት መሐል ተቀመጠች፤ እህቱም ሳትጠየቅ መጎንጎን ጀመረች። ሾፌሩ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «እትዬ፣ ከአሁኑ ልንገርሽ» አለ። «እኔ ጋ ከመጣሽ ዕረፍት የለም። ሽንኩርቱም ያንቺ ነው፣ ልጆቹም ያንቺ ናቸው። እኛ ማታ ነው የምንገባው። የምትተኚውም ከሴቶቹ ጋር ነው፤ ትልቋ ትራገጣለች።»

ጋሽ ግራም በአፍንጫው ሳቀ። አሮጊት በሽንኩርት የሚያባብል ቂል! በዚያች ቅጽበት እህቱ የሱ መሆኗን እርግጠኛ ሆነ፤ ለወንድሙ እንኳ ትንሽ አዘነለት።

ቀኑ ዘቀዘቀ። ዘመዶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ማንም አልተቆጣም፤ ማንም አልቀለደም። «መቼም ሳይበላም ተበልቷል»፣ «ሌላ ቀን እንመጣለን»፣ «ቤትህን ስላየን ደስ ብሎናል» እያሉ እየጨበጡት ወጡ። ጋሽ ግራም «ቆዩ እንጂ፣ ቁጥሩ እኮ ተነቃንቋል!» ይላል። እውነትም ተነቃንቆ ነበር። በመጨረሻ ሾፌሩም ሰዓቱን አየ፤ የማታ ፈረቃ አለበት። እህቱ ምርኩዟን ተቀብላ ተነሣች።

«እኔም አብሬው ልሂድ» አለች።

«ዛሬውኑ? ዕቃሽስ?»

«ዕቃዬን እሱ ያመጣልኛል። ከሱ ጋር ነው የምገባው።»

ጋሽ ግራም መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። «እዚያ? ሥራ ሊያሠሩሽ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«አልጋ እንኳ የለሽም! እዚህ ምን ጎደለ? ንገሪኝ፣ እትዬ፣ ምን ጎደለ?» ባለሱቆችን ሲጠይቅ በኖረበት ድምፅ ነበር የጠየቃት፤ ልዩነቱ አሁን መልሱን የሚፈራው እሱ መሆኑ ነው።

እህቱ ፊቱን በመዳፏ ነካችው። «ምንም አልጎደለም፣ ወንድሜ። ምንም በማይጎድልበት ቤት እኔ ምን ልሠራ እገባለሁ?»

መኪናዋ ውስጥ ገባች። ያኔ ማሽኑ ጮኸ፤ ሥጋው ደርሷል። ጋሽ ግራም እንደ እብድ ሮጠ። ቁልፉ እጁ ውስጥ እየተንሸራተተ ከፈተው፤ ጭሱ ፊቱን ሸፈነው፤ ከፍርምባው ላይ አንድ ወፍራም ቁራጭ ቆርጦ፣ ጣቱ እየተቃጠለ፣ በሳህን ይዞ ወደ በሩ በረረ። ወንድሙ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። እህቱ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤ ቁራሹን ተቀበለችው፤ ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አኘከች።

«በጣም ግሩም ነው» አለች። «ለስልሷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አሳድጋዋለች፤ ገላውን አጥባዋለች፣ መታዋለች፣ አብስላ ሰጥታዋለች፣ ያበሰለውን በልታለታለች። አንድ ቀን ግን አመስግናው አታውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ለባዕድ ነው የምትለው። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ ልጆቹ ከኋላ መስታወት እጃቸውን አወዛወዙለት።

ጋሽ ግራም ባዶ ሳህኑን ይዞ መንገዱ ዳር ቆመ። የሚንቀው ነገር ፈልጎ ዞር ዞር አለ፤ ምንም አላገኘም። ከዚያ እጁን አነሣና «ምንም አይደል» አለ፤ ለእንግዳ እንደሚባለው።